ሳያዩ ስላለመፍረድ

ጭፈራን፣ ዜማንና ቴአትርን መመዘን ለሚማሩ ደቀ መዛሙርት የተጻፈ

አንድ የድጓ ተማሪ ብዙ ዓመት ደክሞ፣ ቃሉንና ምልክቱን ዘልቆ፣ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም በሄደ ጊዜ መምህሩ «ድምፅህ ያምራልና ደስ ብሎኛል፤ ሂድ» ብሎ አያሰናብተውም። «ድምፅህ ሻካራ ነው» ብሎም አይጥለውም። ተማሪው ሲያዜም መምህሩ ጆሮውን አዘንብሎ ይሰማል፤ ይዘቱ በቦታው መያዙን፣ ድፋቱ መደፋቱን፣ ርክርኩ መረክረኩን፣ ቅናቱ ቀና ማለቱን አንድ በአንድ ይከታተላል። ስሕተት ባገኘ ጊዜም «አልወደድሁትም» አይልም፤ «ከዚህ ቃል ላይ ድፋቱን ዘለልኸው» ይላል እንጂ። የተነገረው ነገር ሊታይና ሊመረመር የሚችል ስለ ሆነ ተማሪው ያርመዋል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ጓደኞቹም በእርሱ ስሕተት ይማራሉ። እንግዲህ በአገራችን የዜማ ትምህርት ቤት መፍረድ ማለት የራስን ደስታ ወይም ቅሬታ መናገር ሳይሆን ስለ ሰሙት ነገር ምስክርነት መስጠት ነው። ስሙም ራሱ ምስክር ተብሏል።

ነገር ግን ይኸው ተማሪ ከቅኔ ማሕሌቱ ወጥቶ በአደባባይ ጭፈራ፣ በአዳራሽም ቴአትር ባየ ጊዜ ይህን መልካም ልማድ እደጅ ትቶት ይገባል። ከትርኢቱ ሲወጣ «እንዴት ነበረ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ለምን ደስ እንዳለው፣ ለምንስ እንዳልረባ ቢጠየቅ ዝም ይላል። በዜማ ቤት የተማረው የመመርመር ጥበብ ለዓለማዊው ትርኢት የማይሆን ይመስለዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥበብ ለሌላውም ትርኢት እንደሚሆን ማሳየት ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ማየት፣ ቀጥሎ ዓላማውንና ሕጉን መጠየቅ፣ በመጨረሻ መፍረድ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው አገር ከእኛ የራቀ ቢመስልም እጅግ የራቀ አይደለም። የተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ዋና ከተማ አቡ ዳቢና ከእርስዋ በስተ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አል ዐይን የአገራችን ልጆች ለሥራ የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ወደዚያ ለአገልግሎት የሚላክ ደቀ መዝሙር ወይም ዘመዱን ጠይቆ የሚያልፍ መንገደኛ በበዓል ቀን በአደባባይ ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ በእጃቸው ቀጭን በትር ይዘው፣ በመካከላቸው ከበሮ እየተመታ በአንድነት ያዜማሉ፤ ራሳቸውንና በትራቸውንም ከከበሮው ጋር ያወዛውዛሉ። ይህን ያየ የእኛ ሰው ልቡ ወዲያው ወደ ማሕሌት ይሄዳል። አንዱ «ይህማ የእኛው ወረብ ነው» ብሎ ይደሰታል። ሌላው ደግሞ «በማሕሌት ሥርዐት ሲቀለድ አየሁ» ብሎ ይቈጣል። ሁለቱም ሳይመዝኑ ፈርደዋል፤ የተደሰተውም እንደ ተቈጣው ያህል ተሳስቷል።

(በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

1. አገሩና ጭፈራው

ያ የታየው ጭፈራ ዐያላ ይባላል። በኤሚሬቶች ሁሉና በሰሜን ምዕራብ ዑማን የሚጫወቱት ሲሆን፣ ሁለቱ አገሮች በአንድነት ስላቀረቡት በ2014 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ሥርዐቱም እንደሚከተለው ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ 20 ያህል ወንዶች ይቆማሉ። በእጃቸው የያዙት ቀጭን የቀርከሃ በትር የጦር ወይም የሰይፍ ምሳሌ ነው፤ ጭፈራው ሁለት ሠራዊት ሲገጥሙ የሚያሳይ ነውና። በሁለቱ ረድፍ መካከል ትልልቅና ትንንሽ ከበሮ፣ በእጅ የሚያዝ አታሞ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ የናስ ሳሕን የሚመቱ ሰዎች አሉ። ሌሎችም ሰይፍ ወይም ጠመንጃ ይዘው በረድፎቹ ዙሪያ ይዞራሉ፤ አልፎ አልፎም መሣሪያውን ወደ ላይ ወርውረው ይቀልቡታል። በኤሚሬቶች ዘንድ የአገር ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ከፊት ቆመው ጠጕራቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወናጭፋሉ። የሚዜመው ግጥም እንደ በዓሉ ዐይነት ይለዋወጣል፤ በሠርግና በሌላም የደስታ ቀን ይጫወቱታል። የመሪው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሌሎቹን የማሠልጠን ኀላፊነትም የእርሱ ነው።

ከዐያላ ጋር የሚቀራረብ ረዝፋ የሚባል ሌላ ጭፈራ አለ፤ ይህም በ2015 ተመዝግቧል። በመጀመሪያ የድል ደስታ መግለጫ ነበረ። በረዝፋ ሁለቱ ረድፎች መሪውን ተከትለው እንደ ሁለት የመዘምራን ጓድ ይቀባበላሉ፤ ጨፋሪዎችም በመካከላቸው ያለውን ስፍራ ይሞሉታል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃ ይይዛሉ። በ2012 የተመዘገበው ተግሩዳ ግን ጭፈራ አይደለም፤ በግመል ላይ የሚጓዙ ሰዎች የሚያንጐራጕሩት፣ ከ7 ስንኝ የማይበልጥ አጭር ግጥም ነው። አንዱ ወገን ሲጀምር ሌላው ወገን ይቀበለዋል። ጕዞውን ለሰውም ለእንስሳውም ያቀልላል፤ ግመሎቹም ርምጃቸውን ከዜማው ጋር ያስማማሉ ይባላል።

የአል ዐይን ከተማ በበረሓ መካከል የተምር ዛፍ የሞላባት፣ ከጥንት ጀምሮ በመሬት ውስጥ በተቈፈረ የውሃ መስኖ የምትኖር ለምለም ቦታ ናት፤ ጥንታውያን ስፍራዎችዋ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የአቡ ዳቢ ከተማም በ2021 በዩኔስኮ የሙዚቃ ከተማ ተብላ ተሰይማለች። በከተማይቱ በ2008 የተከፈተ የዑድ ማስተማሪያ ቤት አለ። በአል ዐይን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በተሠራው በጃሂሊ ምሽግ ግቢ ውስጥ ደግሞ የአውሮፓ የሙዚቃ ጓዶች ትርኢት አሳይተዋል። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የግመል ነጂው እንጕርጕሮ፣ የሠርጉ ዐያላ፣ የዑድ ተማሪው ጨዋታና የአውሮፓ ኦርኬስትራ ለአንድ ተመልካች ይቀርቡለታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን ልመዝን የሚል ሰው ማርን በክንድ፣ ሸማንም በጣሳ እንደሚለካ ሰው ነው።

2. አራቱ ደረጃዎች

ትርኢትን መመዘን በአራት ደረጃ ይፈጸማል። ደረጃዎቹም ቅደም ተከተላቸው ሊፋለስ አይገባውም።

1ኛ፤ ምስክርነት። ተማሪው በዐይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ ይጽፋል። በዚህ ደረጃ «ያማረ»፣ «የከፋ»፣ «አስደናቂ» የሚሉ ቃላት አይፈቀዱም። ስንት ሰዎች ነበሩ? እንዴት ቆሙ? ማን መራ? ከበሮው በምን ፍጥነት ተጀምሮ በምን ፍጥነት ተፈጸመ? ቃሉ ይሰማ ነበርን? ረድፉ በአንድነት ይንቀሳቀስ ነበር ወይስ ይዛነፍ ነበር? ጭፈራ የሚመዝን ሰው አካልን፣ ስፍራን፣ ጊዜንና ኀይልን ይመለከታል። ዜማ የሚመዝን ሰው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ፣ ምቱን፣ የድምፆቹን መስማማትና የቃሉን ጥራት ያዳምጣል።

2ኛ፤ ዓላማ። ይህ ነገር ለምን ተደረገ? ለጸሎት ነውን? ለሠርግ ነውን? ድልን ለማስታወስ ነውን? ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ነውን? ተማሪው ይህን ካላወቀ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከራሱ አያውጣ።

3ኛ፤ ሕግ። እያንዳንዱ ጥበብ ባለቤቶቹ የሚያውቁት የራሱ ሥርዐት አለው። የተግሩዳ ግጥም አጭር መሆኑ ጕድለት አይደለም፤ ሕጉ ነው። በዐያላ ሁለቱ ረድፎች አንድ ዐይነት እንቅስቃሴ እየደጋገሙ መቆየታቸው የፈጠራ ማነስ አይደለም፤ የጭፈራው ውበት ብዙ ሰዎች እንደ አንድ ሰው በመሆናቸው ላይ ነውና። አዲስ ነገር ካላየሁ ብሎ የሚሰለች ተመልካች ጕድለቱን በጭፈራው ላይ ከመፈለግ አስቀድሞ በራሱ ላይ ይፈልገው።

4ኛ፤ ፍርድ። ከዚህ በኋላ ብቻ ተማሪው «ዓላማውን ፈጽሟል» ወይም «አልፈጸመም» ይላል። ከፍርዱም በኋላ «ምክንያቱም» የሚል ቃል መከተል አለበት፤ ከ«ምክንያቱም» ቀጥሎ የሚመጣውም በ1ኛው ደረጃ የተጻፈው ምስክርነት ይሆናል። በምስክርነቱ ያልተጻፈ ነገር በፍርዱ ውስጥ ከተገኘ ፍርዱ ይፈርሳል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሁለት ተማሪዎች አንድ ዐያላ አይተው ጻፉ እንበል። የመጀመሪያው እንዲህ ጻፈ፤ «ጭፈራው በጣም ያምራል። ሰዎቹም ጐበዞች ናቸው። ከበሮው ግን ጆሮ ይበጥሳል።» ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ጻፈ፤ «በየረድፉ 18 ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያ በትራቸው በአንድነት ይነሣና ይወርድ ነበር። ከበሮው ከፈጠነ በኋላ ግን በአንዱ ረድፍ ጫፍ የነበሩ 3 ወጣቶች ዘገዩ፤ መሪው ወደ እነርሱ ተጠግቶ ሲያይዋቸው ተመለሱ። ድምፅ ማጕያው በከበሮው አጠገብ ስለ ተተከለ ግጥሙ ለእኛ አልተሰማንም። ዐያላ የግጥም፣ የከበሮና የእንቅስቃሴ አንድነት ስለ ሆነ፣ ግጥሙ ያልተሰማበት ዐያላ አንድ እግሩ የጐደለ ነው። ጕድለቱም የጨፋሪዎቹ ሳይሆን የመድረኩ አዘጋጅ ነው።» የመጀመሪያው ስለ ራሱ ነገረን፤ ሁለተኛው ስለ ዐያላው ነገረን። የመጀመሪያውን አንብቦ የሚታረም ሰው የለም፤ የሁለተኛውን አንብቦ ግን ወጣቱም፣ መሪውም፣ አዘጋጁም ይጠቀማል።

3. መልክ ሲመሳሰል

አሁን ወደ ማሕሌቱ ጥያቄ እንመለስ። በእውነት መልኩ ይመሳሰላል። የእኛ ሊቃውንት በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ይቆማሉ፤ መቋሚያ ይይዛሉ፤ ከበሮ ይመታሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። በመረግድና በጽፋት ጊዜም የከበሮው ምት ይለወጣል። በ1ኛው ደረጃ፣ ማለት በምስክርነት ብቻ ብንቆም፣ ብዙው ነገር ከዐያላ ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል።

2ኛው ደረጃ ግን ይለያቸዋል። የዐያላ በትር የጦር ምሳሌ ነው፤ ሁለቱ ረድፎችም ተጋጣሚዎች ናቸው። የማሕሌቱ መቋሚያ ለረጅሙ የሌሊት ቁመት ድጋፍ፣ ለዜማውም መምሪያ ነው፤ ሁለቱ ወገኖችም አንድ ምስጋና የሚቀባበሉ እንጂ የሚጋጠሙ አይደሉም። ዐያላ ለሰዎች ደስታ በሰዎች ፊት ይቀርባል። ማሕሌት ግን ጸሎት ስለ ሆነ ተመልካች ቢኖርም ባይኖርም ይፈጸማል፤ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቆመ ማሕሌት ምንም አልጐደለበትም። ስለዚህ «የእኛው ወረብ ነው» ያለውም፣ «ተቀለደበት» ያለውም፣ በመልክ ላይ ቆመው ወደ ዓላማው ሳይደርሱ የፈረዱ ናቸው።

ይህን ስንል ፍትሕ ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ማሰብ ይገባናል። በልደት በዓል በላሊበላ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያዜሙ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ፎቶግራፍ እያነሣ «ያማረ የጭፈራ ትርኢት ነው» ቢል እናዝናለን። ማዘናችንም ተገቢ ነው፤ ጸሎቱን በጭፈራ ሚዛን መዝኖታልና። እንግዲህ እንግዳው በእኛ ላይ እንዳያደርግ የምንፈልገውን እኛ በአል ዐይን አደባባይ በሌላው ላይ ልናደርገው አይገባንም።

ትልቅ አእምሮ ያለው ሰው እንኳ ነገሩን ሳያይ ከፈረደ እንደሚስት ከታሪክ አንድ ምሳሌ እናምጣ። የአሪስጣጣሊስን ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር የተጻፈ መጽሐፍ በ10ኛው መቶ ዓመት ከሱርስት ወደ ዐረብኛ የመለሰው አቡ ቢሽር ማታ የተባለ ክርስቲያን ሊቅ ነው። በእርሱ ዘመንና አገር ግን የግሪኮች ዐይነት ቴአትር አይታይም ነበር። ስለዚህ የሐዘን ቴአትር የሚለውን «የምስጋና ግጥም»፣ የሣቅ ቴአትር የሚለውንም «የስድብ ግጥም» ብሎ ተረጐመው። ከእርሱ በኋላ በ12ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ታላቁ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ያንኑ ተከትሎ መጽሐፉን ሲያብራራ፣ ተዋንያን በመድረክ ላይ ስለሚያሳዩት ነገር የተነገረውን ሁሉ ስለ ውዳሴና ስለ ነቀፋ ግጥም እንደ ተነገረ አድርጎ አስረዳ። ሁለቱም ሰነፎች አልነበሩም፤ መጽሐፉን በሚገባ መርምረዋል። የጐደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ መጽሐፉ የሚናገርለትን ነገር በዐይናቸው አላዩም።

4. በአደባባይ ስለሚፈርዱ ሰዎች

በአቡ ዳቢ ከ2006 ጀምሮ «ሻዒር አል ሚልዮን» የሚባል የግጥም ውድድር በቴሌቪዥን ይታያል። የሚቀርበው ነበጢ የሚሉት፣ በሕዝቡ የአነጋገር ቋንቋ የሚገጠም ግጥም ነው። ገጣሚው በመድረክ ቆሞ በቃሉ ይናገራል፤ የዳኞች ጉባኤም ወዲያው በሕዝብ ፊት ስለ ግጥሙ አስተያየቱን ገልጾ ነጥብ ይሰጣል። ተመልካቹም ድምፁን ይሰጣል፤ ውጤቱ ከሁለቱ ይገኛል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የመጀመሪያው ነገር ዳኛው ነጥቡን ብቻ ወርውሮ ዝም የማይል መሆኑ ነው፤ ምክንያቱን ገጣሚው ሊሰማው፣ አድማጩም ሊመረምረው ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት በ2010 የሆነ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ሒሳ ሂላል የተባለች የሳውዲ ዐረቢያ ሴት ፊትዋን ሁሉ በጥቍር መሸፈኛ ጋርዳ በመድረክ ቀረበች፤ በጨካኝ የሃይማኖት ፈራጆች ላይ የሚዘልፍ ግጥምም ተናገረች። ማስፈራሪያ ቢደርስባትም ውድድሩን ፈጽማ 3ኛ ሆነች። ተመልካቹ ፊትዋን አላየም፤ ስለዚህ በመልክዋ ሊፈርድ አልቻለም። ቃልዋና ድምፅዋ ብቻ ቀረቡለት። ትርኢትን የሚመዝን ሰው ይህን ምሳሌ በልቡ ይያዘው፤ የተጫዋቹን መልክ፣ ስም፣ ወገንና ዝና ለጊዜው ጋርዶ የሠራውን ሥራ ብቻ ይይ።

የተመልካች ድምፅስ ዋጋ የለውምን? አለው። በእኛም ዘንድ መልካም ቅኔ በተዘረፈ ጊዜ ሰሚው «ይበል!» ይላል። ነገር ግን የቅኔ መምህር «ይበል» ብሎ ብቻ አይተውም፤ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ፣ ቤቱ መምታቱን መርምሮ ያስረዳል። «ይበል» የልብ ምስክር ነው፤ ምርመራው የአእምሮ ምስክር ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ፍርዱ ይጸናል። ሳይስማሙ ሲቀሩም ተማሪው ለምን እንዳልተስማሙ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና።

5. ስለ ቴአትር

ቴአትር ከጭፈራና ከዜማ ይልቅ ለመመዘን ያስቸግራል፤ ሁለቱንም ሊይዝ ስለሚችል፣ ደግሞም በሰው ታሪክ ስለሚናገር ነው። አሪስጣጣሊስ የሐዘን ቴአትርን በ6 ክፍል ከፍሎታል፤ እነርሱም የታሪኩ አወቃቀር፣ የሰዎቹ ጠባይ፣ ሐሳቡ፣ ንግግሩ፣ ዜማውና ለዐይን የሚታየው ነገር ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው የታሪኩ አወቃቀር ነው ይላል፤ ለዐይን የሚታየውን ጌጥ ግን ከባለቅኔው ጥበብ የራቀ ነው ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። ተማሪው ይህን ክፍል እንደ መሰላል ሊጠቀምበት ይችላል። መብራቱና ልብሱ ያማረ፣ ታሪኩ ግን የተበጣጠሰ ቴአትር ባየ ጊዜ ከታላቁ ክፍል ጐድሎ ከታናሹ እንደ ሞላ ያውቃል።

በቴአትር ላይ የሚደርሰው ልዩ ችግር ግን ተመልካቹ ራሱን በመድረኩ ላይ የሚያገኝ መሆኑ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የቴአትር ድርሰት የሚባለው፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። የሚናገሩት እንስሳት ነበሩ፤ ነገር ግን መኳንንቱ የተነካው የራሳቸው አስተዳደር እንደ ሆነ ስለ ተረዱት ቴአትሩ ታገደ። ያ ፍርድ ስለ ድርሰቱ አወቃቀርም ሆነ ስለ ንግግሩ ምንም አልነገረንም። የነገረን ስለ ፈራጆቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴአትር ሲያስቈጣን አስቀድመን «ያስቈጣኝ የሥራው ጕድለት ነው ወይስ የሥራው እውነት?» ብለን እንጠይቅ።

6. ቦታው ሲለወጥ

የትርኢት መዛኝ ሊዘነጋው የማይገባው ሌላው ነገር ቦታ ነው። በሠርግ ቤት የሚደረግ ዐያላ መጀመሪያና መጨረሻው በደስታው ይወሰናል፤ ዘመድ ሲመጣ ሊገባበት ይችላል፤ ተመልካችና ተጫዋች የተለያዩ አይደሉም። ያው ዐያላ ለጐብኝዎች በመድረክ ሲቀርብ ግን ሰዓት ተቈርጦለታል፤ ተመልካቹ ተቀምጧል፤ ጨፋሪውም ፊቱን ከባልንጀራው ረድፍ ይልቅ ወደ ተመልካቹ ሊያዞር ይፈተናል። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ካልተያዩ ግጥሚያው ምሳሌነቱን ያጣል። እንግዲህ መዛኙ «ይህ የጥንቱ ነው» ወይም «ይህ የተበላሸ ነው» ከማለቱ በፊት፣ ቦታው ምን እንደ ወሰደበትና ምን እንደ ጨመረለት ለይቶ ይጻፍ። ለምሳሌ ረዝፋ ወጣቶችን እንዲስብ እየታደሰ መጥቷል፤ ይህን ሁሉ ጥፋት ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ሁሉንም ልማት ነው ማለትም እንዲሁ ነው።

7. መዛኝ ሲጠፋ

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ጭፈራው ለሚጨፍረው፣ ዘፈኑም ለሚዘፍነው ይበቃዋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱን በዚያው በኤሚሬቶች እናገኘዋለን። ዓዚ የሚባል የግጥም ሥርዐት አለ። አንድ ገጣሚ እየመራ፣ በረድፍ የቆሙ ሰዎች እየተቀበሉት፣ ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ የምስጋና፣ የኩራትና የጽናት ግጥም የሚሰማበት ነው። ይህን የሚችሉ ሰዎች እየጐደሉ ስለ ሄዱ በ2017 ዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ጥበብ በአንድ ቀን አይሞትም። በመጀመሪያ የሚያልፈው ሠሪው አይደለም፤ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል፤ አባቶችህ እንዲህ አላሉትም» ሊል የሚችለው ሰሚ ነው። ያ ሰሚ ካለፈ በኋላ ወጣቱ ቢሳሳት የሚያርመው፣ ቢሳካለትም የሚያመሰግነው የለም። ጭብጨባ አይጐድልበትም፤ ነገር ግን ለትክክሉም ለስሕተቱም እኩል ስለሚጨበጨብ ምንም አይማርበትም። በአገራችን ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬና መዋሥዕት፣ ጎንደር በአታ ለአቋቋም የምስክር ቤት ሆነው መቆማቸው ጥበቡን ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገረው ስለዚህ ነው። ሠሪ ብቻ ሳይሆን መስካሪም ይወጣባቸዋልና።

8. ለመምህራን ጥቂት ምክር

ይህን ትምህርት ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ብራናም ቢሆን ደብተር ይበቃል።

መጀመሪያ ተማሪዎቹ አንድ አጭር ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ሰንበት ተማሪ መዝሙር ወይም የአገር ቤት እስክስታ፣ ሁለት ጊዜ እንዲያዩት ይደረግ። በመጀመሪያው ጊዜ ምንም አይጻፉ፤ ይዩ ብቻ። በሁለተኛው ጊዜ ምስክርነታቸውን ይጻፉ። ጽሕፈቶቹም ጐን ለጐን ይነበቡ፤ በአንድ ቦታ ተቀምጠው አንዱ ያየውን ሌላው ሳያይ መቅረቱን ሲረዱ ለፍርድ መቸኰልን ይተዋሉ።

ሁለተኛ፤ መምህሩ የራሱን ፍርድ አስቀድሞ አይናገር። ከተናገረ ተማሪዎቹ ትርኢቱን ትተው የመምህሩን ፊት ማንበብ ይጀምራሉ።

ሦስተኛ፤ ለጽሕፈቱ ነጥብ ሲሰጥ ከ100 ውስጥ 40ው ለምስክርነቱ፣ 20ው ዓላማውን ለመረዳቱ፣ 20ው ሕጉን ለማወቁ፣ 20ው ለፍርዱ ቢሆን እንመክራለን። ለምስክርነቱ እጥፍ የሰጠነው ያለ እርሱ ሌላው ሁሉ መሠረት ስለሌለው ነው። ለፍርዱ የተሰጠው ነጥብም ፍርዱ ከመምህሩ ፍርድ ጋር ስለ ተስማማ ሳይሆን በምስክርነቱ ላይ ስለ ቆመ ብቻ ይሰጥ።

አራተኛ፤ የሚመዘነው ሰው ፊት ለፊት ያለ ተማሪ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የተሳካለት ይነገረው፤ ቀጥሎም ሊያርመው የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ነገር ይነገረው። ሊያርመው የማይችለውን፣ ለምሳሌ የተፈጥሮ ድምፁን፣ መንቀፍ ምዘና አይደለም፤ ስድብ ነው። «አይረባም» በሚል በአንድ ቃል ዝም ያለ የልጅ ድምፅ ዳግመኛ ላይከፈት ይችላልና፣ መዛኙ በእጁ ያለው የሰው ነገር እንደ ሆነ አይርሳ።

አል ዐይን ማለት በዐረብኛ ምንጭ ማለት ነው፤ በዚያ ቋንቋ የሚያየውም ዐይን በዚሁ ቃል ይጠራል። በዚያች ከተማ የሚያልፍ ደቀ መዝሙርም ሆነ መንገደኛ ከበሮ ሰምቶ ወደ አደባባዩ በቀረበ ጊዜ፣ «የእኛ ነው» ወይም «የእኛ አይደለም» ከማለቱ በፊት ጥቂት ይቁም። ረድፉን ይቍጠር፤ በትሩን ይመልከት፤ ቃሉን ለማድመጥ ይሞክር፤ አጠገቡ የቆመውንም ሽማግሌ «አባቴ፣ ይህ ለምን ይደረጋል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ጥቂት ቢሆንም እንኳ ምስክርነት ይሆናል።